አባቴን ያጠመቅሁ ዕለት

አባቴ ሁለት ሚስት አለው። ይህን ስናገር ዲላ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ጸጥ ይላል፤ «ውይ፣ እናትሽ አንጀቴን በላችው» የምትል አንዲት ደግሞ አትጠፋም። አትዘኑ፣ እናቴ ደህና ናት። በሕይወቷ ካስለቀሷት ሰዎች ውስጥ ጣውንቷ የለችበትም።

ጣውንቷ እማ ታደለች ትባላለች፤ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ልጅ አልወለደችም። ጠብቃ ጠብቃ እምቢ ሲላት እናቴን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ሽማግሌ ልካ ለባሏ አጋባችው። እኔ በሁለቱም ጀርባ ታዝዬ ነው ያደግሁት። ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ ባለው ግቢያችን ላይኛው ቤት የእማ ታደለች ነው፤ ከእንሰቱ በታች ያለው የእናቴ። ቡናው የጋራ ነው። አንዷ ስትለቅም ሌላዋ ታሰጣለች፤ ሲጣሉም የሚጣሉት በዶሮ ነው።

ካቶሊክ የሆንኩት ዲላ መነኮሳይት ሲስተሮች ጋ አድሬ ስማር ነው። ሰፈራችን ባብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ እኛ ጥቂት ነን። እኔ አባቴን ጎተትኩት፣ አባቴ ሁለቱን ሚስቶቹን ጎተተ፤ ሦስቱም በትንሿ ጸሎት ቤታችን ትምህርተ ክርስቶስ መማር ጀመሩ። ተማሩ፣ ጨረሱ፣ እንደገና ተማሩ። ጥምቀት ግን የለም። እሱ ካልተጠመቀ እኛም አንጠመቅም ብለው ሴቶቹም ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቀኖና ሕግ መሠረት ሳይጠመቅ ብዙ ሚስት ያገባ ሰው ሲጠመቅ አንዷን ብቻ ይይዛል፤ ሌሎቹን ያሰናብታል። ከመጀመሪያዋ ጋር መኖር ከከበደው ከቀሩት አንዷን መምረጥ ይችላል። የተሰናበቱት እንዳይቸገሩም ጳጳሱ ያስባል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የተሰናበተችዋ ምን ትበላለች ብለው ተጨንቀዋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራት ከኖረችው ሴት ተለይታ ከማን ጋር ታወራለች የሚለው ግን ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

እኔ ያን ጊዜ የቁምስናችን፣ የአጥቢያችን ማለት ነው፣ ተርጓሚና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነበርኩ። ለሀገር አቀፍ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የምእመናን ጥያቄ ይሰበሰብ ስለነበር ሐዋሳ ላይ በተደረገው ስብሰባ ቁምስናዬን ወክዬ ሄድኩ። ይህንኑ አነሳሁ። «የአባቴ ዓይነት ሽማግሌዎች በየገጠሩ ደጃችን ላይ ቆመው እያረጁ ነው» አልኩ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጥያቄሽ ተይዟል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ተጨበጨበ። ምሳ ተበላ። ወደ ቤታችን ተመለስን።

እንቁላሉ በእግሩ ሳይሄድ አባቴ አልጋ ላይ ወደቀ።

ሳንባ ምች ነው አሉን። ዲላ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «የምሞት ከሆነ ቤቴ ልሙት» ብሎ አስቸገረ። የቀረውን መርፌ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እየመጣች እንድትወጋው ተስማምተን ኢዲዶ መለስነው። እኔም ፈቃድ ወስጄ አብሬው ሄድኩ። ትንፋሹ ከግቢው በር ላይ ይሰማ ነበር። ሐሙስ ዕለት እጄን ያዘና «አጥምቁኝ በቃ» አለኝ። «እንዲሁ በር ላይ ቆሜ ልቅር?»

ኮረብታ ላይ ወጥቼ ለመሪ ካህናችን ለአባ ምናሴ ደወልኩ። አባ ምናሴ ከከምባታ የመጡ ወጣት ቄስ ናቸው፤ ጌዴኦኛ አይችሉም፤ አባቴ ደግሞ አማርኛው ለገበያ ያህል ነው። እውነቱን ለመናገር ልበ ደግ ሰው ናቸው። ዝናብ እየወረደባቸው በሞተር መጡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናቶቼ በሩ አጠገብ ቆሙ። እኔ መሃል ገብቼ መተርጎም ጀመርኩ።

«በክርስቶስ ያምናሉ ወይ በያቸው።»

«አምናለሁ።»

«ከኃጢአታቸው ይመለሳሉ?»

«እመለሳለሁ።»

አባ ምናሴ ወደ በሩ ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ... ከሁለቱ ማንን ይይዛሉ? እሱን ጠይቂያቸው።»

ቃሉ አልወጣ አለኝ። መምህር ነኝ፤ ቃል አጥቼ አላውቅም። ግን እናቴ ቆማ እያየችኝ፣ በገዛ አፌ፣ ከእናቴና ከእናቴ ማንን ታባርራለህ ልበለው? «አባ፣ ሌላ ሰው ይተርጉም» አልኩ። «ማን አለ?» አሉኝ። ማንም አልነበረም። ተረጎምኩት። እማ ታደለች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ እናቴ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ሶንጎ ላይ ስቀመጥ» አለ አባቴ። ሶንጎ ሽማግሌዎቻችን ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበት ሸንጎ ነው። «እኔ ሶንጎ ላይ ስቀመጥ የሚፈረድበት ሰው ሳይናገር አንነሳም። እነዚህን ሴቶች ማን ጠየቃቸው? ፈራጆቹስ የት ናቸው? እዚህ የማየው አንተን ብቻ ነው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። አባ ምናሴ አንገታቸውን ደፉ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ እህቴ።»

«ይህን ቃል ቀበሌም ሰምቼዋለሁ፣ ባንክም ሰምቼዋለሁ!» ደሜ ፈልቷል። «ሰውየው እየሞተ ነው እኮ፣ አባ! በሞት አፋፍ ላለ ሰው ሕጉም ይላላል።»

«ይላላል። ግን የክርስትናን ትእዛዝ እጠብቃለሁ ብለው ቃል መግባት አለባቸው። ሁለት ሚስት ይዘው እንዴት አድርገው ቃል ይገባሉ? እኔ ዛሬ ዝም ብዬ ባጠምቅ ነገ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ቆይ፣ ጳጳሳችንን ልጠይቅ።»

ቤታችን አካባቢ ኔትወርክ የለም። ከቡናው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥተን፣ ጭቃ ላይ ቆመን፣ አንድ ጃንጥላ ይዘን ደወልን። የጳጳሱ ስልክ ዝግ ነው። ጽሕፈት ቤት ተደወለ። «አዲስ አበባ ናቸው፤ የጳጳሳት ጉባኤ ላይ። ስብሰባው እስኪያልቅ አይገኙም» አለ አንድ ሰውዬ።

«ስለ ምንድን ነው ስብሰባው?» ብዬ በአባ ምናሴ ትከሻ ላይ ጮህኩ።

«ስለ ቤተሰብ» አለ ሰውዬው።

ሳቅኩ። ዕብድ የሆንኩ መስሏቸው አባ ምናሴ ጃንጥላውን ሰጡኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመለሱ፣ እስከዚያ አባቴ እንዲያስብበት ነግረውኝ ሄዱ። ሲወጡ ሁለቱ እናቶቼ ተራ በተራ እጃቸውን ሳሙ። እኔ አልሳምኩም።

አባቴ የተኛው ላይኛው ቤት፣ እማ ታደለች ጋ ነበር። እኔም አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። ዓርብ ንጋት ላይ እማ ታደለች ስትወጣ ሰምቻለሁ፤ ላሟን ልታልብ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። ረፈደ። ቁርስ የሚባል ነገር የለም። ላሚቱ ትጮሃለች። እማ ታደለች እናቴ ጋ ወርዳ ወሬ ይዛለች ብዬ ወደ ታች ሄድኩ። እናቴ የለችም። አልጋዋ ተነጥፏል፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሳት ነጠላና ጃንጥላዋ የሉም።

ያኔ ገባኝ። ጥላን ሄዳለች። «እማ ታደለች! እማ ታደለች!» እያልኩ ልነግራት ወደ ላይ ሮጥኩ። ላሟ ጋ የለችም። ጓሮ የለችም። ቤት ገብቼ ነጠላዋ የሚሰቀልበትን ምስማር አየሁ፤ ባዶ ነው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ሁለቱም ሳይመካከሩ፣ በአንድ ንጋት፣ አንዷ በላይኛው በር ሌላዋ በታችኛው፣ አንዷ ለሌላዋ ቦታ ልትለቅ ወጥታለች። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ተኝቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ለአባቴ ስነግረው «ሁለቱም?» አለ።

«ሁለቱም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «በይ እንግዲህ ቄሱን ጥሪያቸው፤ ሚስት የለኝም በያቸው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። «ሂጂ አምጪልኝ። ሁለቱንም። እግዜር እንዴት ገባህ ቢለኝ ሴቶቹን አባርሬ ልበለው? ያፍርብኛል።»

ጎረቤታችንን አጠገቡ አስቀምጬ ሞተረኛውን ከድርን ጠራሁ። ከድር ቤተሰቦቹ ይርጋጨፌ ሱቅ ያላቸው አብሮ አደጌ ነው። መንገድ ላይ ታሪኩን በጆሮው ጮሄ ነገርኩት። «እኛ ጋ እስከ አራት ይፈቀዳል፤ አባትሽን ወደዚህ በያቸው» አለኝ እየሳቀ።

«ዝም ብለህ ንዳ!»

እናቴ የት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ጨለለቅቱ ወንድሟ አለ። ደጃፉ ላይ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? አባትሽን ለማን ትተሽ ነው?» ብላ ተቆጣች።

«አንቺስ ለማን ትተሽ ነው?»

«ለታደለች ነዋ! ሕጉ የመጀመሪያዋን ነው የሚለው። አንቺው አይደለሽ እንዴ ጸሎት ቤት ቆመሽ ያስተማርሽን?»

እኔው ነኝ። «እማዬ» አልኳት፣ «እማ ታደለችም ሄዳለች።»

ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ወይኔ ልጄ! ላሟን ማን አለባት?»

ሦስት ሆነን በአንድ ሞተር ወደ ባንኮ ጎቲቲ ወረድን፤ የእማ ታደለች ዘመዶች ያሉት እዚያ ነው። ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ብላሽ ፍሬ እየለቀመች ነበር፤ ከተወለደች ጀምሮ እዚያ የኖረች ነው የምትመስለው። ቀና ብላ እናቴን ስታይ በቁጣ እጇን አራገፈች።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤት እንድትቀመጪ አይደል እንዴ የወጣሁት!»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ!»

«መጀመሪያ መሆን ምን ያደርጋል? ልጅ የወለድሽለት አንቺ! እኔ ብሄድ ምን ይጎድላል?»

እናቴ ይህን ስትሰማ ትከሻዋን በቡጢ መታቻት። «እዚያ ቤት ማን አመጣኝ? ማንንስ ብዬ መጣሁ? ሰውየውን አውቀው ነበር? አንቺን አይቼ አይደለም የመጣሁት?» ከዚያ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው አብረው አለቀሱ፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ። ከድር ዞር ብሎ ሞተሩን የሚጠርግ መሰለ። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ቤተሰብ የሚወያዩት ሰዎች ምናለ አሁን እዚህ ቢቆሙ አልኩ።

ቡና የጫነ አይሱዙ ለምነን ሁለቱን ጋቢና አስገባናቸው፤ እኔ ከከድር ኋላ ተከተልኩ። ቤት ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ዝናቡ ወርዷል። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ «ቶሎ ኑ!» ትላለች። አባቴ ዓይኑ ተገልብጧል። ይተነፍሳል፣ ያቆማል፤ ይተነፍሳል፣ ያቆማል። ነርሷ መርፌውን ወግታው ሄዳለች፤ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ። ከድር ኮረብታው ላይ ሮጦ ለአባ ምናሴ ደወለ። ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም፤ ሌላ ገጠር ለቅዳሴ ወጥተዋል።

እንግዲህ ሕጉን አውቀዋለሁ ብያችኋለሁ። በአስፈላጊ ጊዜ፣ ካህን ከሌለ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስበውን አስቦ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ሴትም ትችላለች። ሌላውንም አውቃለሁ፤ ተጠማቂው ቃል መግባት አለበት። ጆግ ውሃ ይዤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። እማ ታደለች ራሱን ደገፈች፣ እናቴ እጁን ያዘች።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ? የክርስቶስን ትእዛዝ ትጠብቃለህ?»

ዓይኑን ገለጠ። «እጠብቃለሁ።»

ቀጣዩ ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እኔን ያያሉ። ጠይቂ ብትሉኝ አሁንም አልጠይቅም። ዋጥኩት። ውሃውን ግንባሩ ላይ አፈሰስኩ። «ስምዖን፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

«አሜን» አሉ ሁለቱም።

ከዚያ ሞቱን ጠበቅን።

አልሞተም! ይኸውላችሁ፣ መርፌው ሠራ። ቅዳሜ ላብ አሰመጠው፤ ትኩሳቱ ወረደ። እሑድ አባ ምናሴ ቅዱስ ዘይቱን ይዘው፣ ሊቀብሩ የመጡ ያህል ፊታቸው ጠቁሮ ግቢያችን ሲገቡ፣ አባቴ በር ላይ ጋቢ ለብሶ የቡላ ገንፎ ይበላ ነበር። ግራና ቀኙ እናቶቼ ተቀምጠዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና ሆኑ?»

«ተጠመቅሁ» አለ አባቴ በአማርኛ። «ስሜ ስምዖን።»

አባ ምናሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን አጠመቃቸው?»

«እኔ።»

«ማንን ያዙ?»

«አልጠየቅሁትም።»

በርጩማ ሳቡና ቁጭ አሉ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥምቀት አንዴ ከተጠመቁ አይሰረዝም፤ ጳጳስም፣ ጉባኤም አይፍቀውም። አባቴ ካቶሊክ ነው፤ ለዘላለም። ሁለት ሚስት ያለው ካቶሊክ ደግሞ ሕጉ የማያውቀው ፍጡር ነው። እስኪመርጥ ድረስ ቁርባን እንደማያገኝ አባ ምናሴ ነገሩኝ፤ ተረጎምኩ።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሳልጠመቅ፣ ምረጥና ትጠመቃለህ አላችሁኝ። ሳልመርጥ ተጠመቅሁ። አሁን ደግሞ ምረጥና ትቆርባለህ። ይህን ቤት ሳታፈርሱ የምትሰጡኝ አንድ ነገር የላችሁም?»

አባ ምናሴ ሲሄዱ መንገድ ላይ «በአንቺ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር ብዬ አልምልም» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪነቴ ተነሳሁ። ለሀገር አቀፉ ጉባኤ ውክልናዬም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጉባኤው ተካሄደ፤ ተጠናቀቀ። እንደ አባቴ ያሉ ቤተሰቦች ጉዳይ «ጥልቅ ጥናት ያስፈልገዋል» ተባለ። ቁምስናችን ላይ ተነበበልን፤ እኔ መጨረሻውን ሳልሰማ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ሰዎች «ታዲያ ለምን አትለቂም?» ይሉኛል። የት ልሂድ? ቤቴ ነው፤ በቤቴ እናደዳለሁ። የተለወጠው ግን ይኼ ነው፦ ድሮ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕግ ሳስተምር የአንቀጹን ቁጥር አንብቤ፣ አስጽፌ፣ ደወል ሲደወል እወጣ ነበር። አሁን አንድ ተማሪ ተነስቶ «መምህር፣ ይህ ሕግ የወረደባት ሴትዮ የት ናት?» ብሎ እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ። ካልጠየቀ ራሴ እጠይቃለሁ። እናንተም ስብሰባ የምትቀመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ከምሳ በፊት እሷን ጥሯት።

በቅርቡ ስልክ ተደወለልኝ። ትሁት ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ጥናቱን ከያዙት አንዱ ነኝ አለኝ። «የአባትሽን ጉዳይ እያየነው ነበር። ለመሆኑ ሁለቱም ወይዘሮዎች በሕይወት አሉ?»

«አሉ፤ ምነው?»

«አይ... ምናልባት እግዚአብሔር አንዳቸውን ቢጠራ ነገሩ በራሱ ይፈታል ለማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ቅዳሜ ኢዲዶ ሄጄ እንደ ቀልድ አድርጌ አወራሁላቸው። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እናቴ «ከደወለ ገና ወጣት ነን በይው» አለች። እማ ታደለችም አብራ ሳቀች።

ስመለስ እማ ታደለች ቦርሳዬን ይዛ እስከ ሞተሩ ድረስ ሸኘችኝ። ሁልጊዜ የምትሸኘኝ እሷ ናት። ከድር ሞተሩን ሲያስነሳ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ቅድም ያልሽው ነገር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ብሞት ቁርባኑን ይሰጡታል ማለት ነው?»

ሕጉን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። «እኔ እንጃ» አልኳት።